መሬቱ የመንግሥት፣ ድንጋዩ የእኛ

ከቤቴ ጎን ፎቅ እየተሠራ ነው። ጠዋት ጠዋት ሠራተኞቹ ሲሚንቶና አሸዋ ሲያቦኩ ያ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ በመስኮቴ ይገባል። ሌላው ጎረቤት የሚያማርረው አቧራውን ነው። እኔን የሚያናድደኝ ሽታው ነው። ልጄ «እማዬ፣ መስኮቱን ዝጊው እንግዲህ» ትለኛለች፤ መስኮት ቢዘጋ የሚቀር ነገር መስሏት። ያ ሽታ አንዴ ከገባ ይዞኝ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ዳገቱ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ ድንጋይ የላጠው እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግሁ ያቆመኛል። ከዚያ ወዲያ ቀኑን ሙሉ ሰው ባያናግረኝ ይሻላል።

ያኔ ወጣት ነበርሁ። ደርግ ወድቆ፣ አዲሶቹ ገብተው፣ እነሱ ከተማውን ከተማውም እነሱን ከለመደ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በልብስ ነው። ወንዱ ትከሻው የተሞላ ኮትና ሰፊ ሱሪ የሚያሰፋበት፣ ሴቷ ከወገብ ተሸብሽቦ ቁርጭምጭሚት ድረስ የሚወርድ ጉርድ ያማራት ጊዜ ነበር። እኔና ፋጡማ ፒያሳ፣ አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ሁለት የእግር ስፌት ማሽን ጎን ለጎን አስቀምጠን እንሰፋለን። ሻይ በሃምሳ ሳንቲም ነው፤ አንድ ብር የያዘ ሰው ወዳጁን መጋበዝ ይችላል። ከማዶ ያለው ካሴት ቤት ቀኑን ሙሉ ባቲና አምባሰል ያንቆረቁራል። እኔ የወንጌላዊ ልጅ ነኝ፤ ዘፈን በቤታችን ነውር ነበር፤ ጆሮዬን ግን በየትኛው ክር ልስፋው? ፋጡማ ፔዳሏን የምትረግጠው በዘፈኑ ምት ነው። ዘፈኑ ሲፈጥን እሷም ትፈጥናለች። «አንቺ፣ የሰውየውን ሱሪ እስክስታ አስመታሽው እኮ!» እላታለሁ። «አብሽሪ፣ ለሰርግ ነው የሚለብሰው» ትለኛለች። ሳቋ ከማሽኑ ድምፅ በላይ ነበር።

ፋጡማ ከእኔ ትንሽ ታንሳለች። እናቷ እቴ ዘሃራ ጎረቤታችን ናት። ግድግዳችን አንድ ነበር፤ ሊነጋ ሲል እነሱ ቤት ሱብሒ ሲሰገድ እኛ ቤት አባቴ ለጸሎት ይነሳል፤ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል። ሰፈሩ አባቴን ጴንጤ ብሎ ያማው በነበረበት ጊዜ፣ ልጆች ጣሪያችን ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ፣ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ደጅ የወጣችው እቴ ዘሃራ ናት። «ወላሂ! ሰው ወደ ፈጣሪው በመጸለዩ የሚወገርበት አገር ካለ እኔን ቀድማችሁ ውገሩኝ!» ብላ መንገዱ ላይ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣሪያችን ድምፅ አላሰማም። እንዲህ ያለች ሴት ነበረች፤ የሷን ነገር ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሰፈራችን ዳገት ላይ ነው። መኪና የሚደርሰው ታች አስፋልቱ ድረስ ብቻ ነው፤ ባጃጅ የሚባል ነገር ገና ደሴን አልረገጠም። ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትወርደው። አንዳንዷ ሳትወርድ ትቀራለች። አንድ ክረምት ላይ ሦስት እናቶች ከቀበርን በኋላ ሰፈሩ ተሰብስቦ ጤና ጣቢያ ይሠራልን ብሎ ጠየቀ፣ ለመነ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር አቶ ካሳሁን ይባል ነበር። ድሮ አስተማሪ የነበረ፣ ቁመናው ያማረ፣ ነጠላውን እንደ ሽማግሌ አጣፍቶ «አባቶቻችን እንደሚሉት» ሳይል ንግግር የማይጀምር ሰው ነው። «ሕዝቡ ይሥራ፤ ሕንፃው ካለቀ መንግሥት አዋላጅ ነርስ ይመድባል» አለን። ቦታም ሰጠን፤ ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ በሚወርደው የእግር መንገድ ላይ፣ ሰፊ ሜዳ።

ሠራን። እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ገንዘብ ያለው ገንዘብ፣ የሌለው ጉልበት አዋጣ። ድንጋዩ ታች ከወንዙ ነው የሚመጣው። ወንዱ በትከሻው፣ ሴቱ እንደ ውሃ እንስራ በጀርባው አዝሎ ዳገቱን ይወጣል። መሠረቱ ሲጣል የሰፈሩ ቄስ ጠበል ረጩ፣ ሼሁ ዱዓ አደረጉ፣ አባቴም ተጠርቶ ጸለየ፤ ጴንጤ ብሎ ፊቱን ያዞረ አንድም ሰው አልነበረም። ፋጡማ ድንጋይ ተሸክማ ታዜማለች፤ እኛ እንቀበላለን። «ይቺ የኔ ምጥ ማረፊያ ናት» ትላለች አንዷን ድንጋይ ስታራግፍ፤ ያኔ ገና አላገባችም፤ ሴቶቹ ይስቁባታል። ግንበኛው ከኩታበር የመጣ፣ ሲሚንቶውን እንደ ቅቤ የሚቆጥብ ሰው ነበር። ግድግዳው እስከ መስኮት ድረስ ቆመ። ከዚያ ሲሚንቶ አለቀ። «ጠብቁ» ተባልን። ጠበቅን። ክረምት ገባ፣ ወጣ፤ ግድግዳው ላይ ሣር በቀለ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራን። ጣሪያ ሊሠራ ነው ብለን ነበር የሄድነው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጥበው፣ ፋጡማ ያገባች ሰሞን የሰፋሁላትን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ። ፊት ለፊት፣ ከአቶ ካሳሁን ጎን፣ አቶ ደምሴ ተቀምጧል። ደምሴን የማያውቅ አልነበረም። ኮምቦልቻ የዱቄት ወፍጮ አለው፤ የኔ ባል ዳንኤል እዚያ መካኒክ ነበር። ሰውየው በመኸር ከኩታበር ገበሬ ስንዴና ጤፍ በርካሽ ይሰበስባል፣ መጋዘን ውስጥ ያስተኛዋል፣ ክረምት ላይ የሰው ሆድ ሲጮህ በእጥፍ ያወጣዋል። ለዚህም ነገር ስም ወጥቶለታል፤ ልማታዊ ባለሀብት። የተራበ ሰው ላይ ዋጋ መጨመር ልማት ከሆነ ሌብነት ምን ሊሆን ነው እላለሁ እስከ ዛሬ።

«የተከበራችሁ ነዋሪዎች» አለ አቶ ካሳሁን። «አባቶቻችን እንደሚሉት እንግዳ በረከት ነው። አቶ ደምሴ በሰፈራችን ዘመናዊ ሆቴል ሊገነባልን ነው። ለልጆቻችን ሥራ፣ ለከተማችን ውበት። ቦታው ተጠንቶ ተመርጧል።»

«የትኛው ቦታ ነው?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«የሕዝብ ሕንፃ የተጀመረበት።»

 ፋጡማ እጇን አወጣች። «ጤና ጣቢያውስ?»

ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታው! ሰው እንደ ሕፃን የሚደባብስባት። «ልጄ፣ ለመሆኑ እናቶቻችን ጤና ጣቢያ አይተው ነው የወለዱን? እኛ ባህል ያለን፣ ጨዋ ሕዝብ ነን። ሴት ልጅ በቤቷ፣ በእናቷ ጉያ ነው የምትወልደው። ገላዋን ለማያውቋት ሰዎች መግለጥ የኛ ወግ አይደለም። ሥልጣኔ መስሎን ሥርዓታችንን ባንጥል ደግ ነው።»

ልብ በሉ። ያ ጤና ጣቢያ ይሠራ ያለው ራሱ ነው። ባህሉ የት ነበር ድንጋይ ስንሸከም? ባህል ትዝ የሚላቸው ድሃ አንድ ነገር ሲጠይቅ ነው። ለሀብታም ሲሆን ዘመናዊ ይሆናሉ፤ ለእኛ ሲሆን አያት ቅድመ አያታቸውን ከመቃብር ይጠራሉ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ወንዶቹ ጭንቅላታቸውን መነቅነቃቸው ነበር። እነዚያው በትከሻቸው ድንጋይ ያመጡት! «እውነት ነው፣ እውነት ነው» የሚል ጉርምርምታ ሰማሁ። ደሜ ፈላ፤ ተነሳሁ።

«የአቶ ደምሴ ባለቤት የት ነው የወለዱት?» አልሁ።

መልሱን አዳራሹ በሙሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን አዲስ አበባ፣ ሁለቱን ባሕር ማዶ። ደምሴ አንገቱን አዘንብሎ አየኝ፤ የማን ሚስት እንደሆንሁ ለማስታወስ የሚሞክር ይመስል ነበር። አቶ ካሳሁን ፊቱ ጠቆረ። «የሰው ቤት ጉዳይ በአደባባይ አይነሳም። ሴት ልጅ ስትቆጠብ ነው የሚያምርባት። መሬት የመንግሥት ነው፤ መንግሥት ወስኗል። ስብሰባው አብቅቷል» አለ።

እቴ ዘሃራ ያን ጊዜ ብድግ አለች። «ቆየኝማ የኔ ልጅ። እንዳንጣላ በደንብ ይግባኝ። መሬቱ የመንግሥት ነው አልህ?»

«አዎ፣ ሕገ መንግሥቱ ነው የሚለው።»

«እሺ። ድንጋዩስ?»

«የምን ድንጋይ?»

«በጀርባችን ያመጣነው።»

አቶ ካሳሁን ሳቀ። ደምሴም ሳቀ። «ድንጋይማ ምን ይሠራለታል ለሆቴል! ውሰዱት እናቴ፤ ድንጋዩ የእናንተ ነው» አለ ሊቀ መንበሩ፤ አዳራሹም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ሁላችሁም ሰምታችኋል» አለችና ወጣች።

ሰኞ ጠዋት ጉሙ ገና ከሰፈሩ ሳይነሳ ሴቶቹ በሙሉ ሜዳው ላይ ነበርን። የኩታበሩ ግንበኛ ዲጅኖውን ይዞ ሳይጠራ መጥቷል። የላይኛውን ድርድር ፈንቅሎ የመጀመሪያውን ድንጋይ ለእቴ ዘሃራ አሸከማት። ከዚያ ሁሉም ተራ ያዘ። ድንጋይ ስናመጣ ዳገቱን እየዘፈንን ነበር የወጣነው፤ ወደየደጃችን ስንወስደው ግን የሚሰማው የእግር ኮቴ ብቻ ነው።  ቅዳሜ ጭንቅላታቸውን የነቀነቁት ወንዶች እየመጡ ዳር ቆሙ፤ ካፈሩ በኋላ አንድ ሁለት እያሉ ገቡ። ቄሱ ካባቸውን አውልቀው ተሸከሙ። አባቴ ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ ከእጁ መዳፍ የማትበልጥ ድንጋይ ይዞ ቀስ እያለ ሲወጣ አይቼ እንባዬ መጣ።

ደምሴ በላንድክሩዘሩ ከአስፋልቱ ወጥቶ ሣሩን እየጨፈለቀ ሜዳው ድረስ መጣ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ምን እየተሠራ ነው?» አለ። እቴ ዘሃራ ድንጋዩን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ሊቀ መንበሩ ፈቅደውልን የራሳችንን እየወሰድን ነው። መሬትዎን አልነካንም ጌታው» አለችው። ፖሊሶች ተጠሩ። ፖሊሶቹም የሰፈሩ ልጆች ስለነበሩ ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገባቸው፤ አንዱ የገዛ እናቱ ድንጋይ ተሸክማ ስታልፍ አንገቱን ደፋ። ከሰዓት በኋላ አቶ ካሳሁን ራሱ ደረሰ። ሜዳው ላይ የቀረ ነገር የለም፤ መሠረቱ ብቻ ነው። እኔን፣ ፋጡማንና እናቷን «ሕዝብ ያሳመፁ ፀረ ልማቶች» ብሎ ፖሊስ ጣቢያ አስወሰደን። የቅሬያችን ሰዎች፣ ለቅሶና ሰርግ የምንረዳዳበት ማኅበር ማለቴ ነው፣ ክርስቲያንም እስላምም ሆነው ጣቢያው በር ላይ ተቀመጡ። ተነሱ ቢባሉ አልተነሱም። ማምሻውን ለቀቁን። ምን ብለው ይክሰሱን? የገዛ ድንጋያቸውን ተሸከሙ ብለው?

በዚያ ሳምንት ዳንኤል ከወፍጮው ተባረረ። ምክንያት አልተነገረውም። ኮምቦልቻ ወርዶ በሩ ላይ ቆሞ የመሣሪያ ሳጥኑን እንኳ እንዲያወጣ አልፈቀዱለትም። ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በእግሩ ሊወጣ ነበር ያሰበው፣ ንዴቱ እስኪወጣለት፤ አንድ የጭነት መኪና አሳፈረው። ቤት ሲገባ «አንቺ ምን አደረግሽ?» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ለቀጣዩ ስብሰባ እኔም እናገራለሁ» ብቻ አለኝ። ቀጣይ ስብሰባ የሚባል ግን አልነበረም። ለዓመታት ድስቴ የተጣደው በስፌት ማሽኔ ነው፤ ደምሴ የሚያስወድደውን ዱቄት በሱ ሰፍቼ ባገኘሁት ገዛሁ።

ሆቴሉ ተሠራ። የእኛ ድንጋይ አላስፈለገውም፣ እውነቱን ነው፤ ብሎኬትና መስታወት ነበር። ከላይ እስከ ታች በአጥር ተከበበ፤ ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ የሚወስደው ቀጥተኛ የእግር መንገድ አጥሩ ውስጥ ገባ። «መንገዳችን!» ብለን አቤት አልን። «በዙሪያው ሂዱ፤ ደግሞ በእግር መሄድ ለጤና ጥሩ ነው» አሉን። የምረቃው ቀን በሬ ታረደ፤ እኛ የደረሰን የጥብሱ ሽታ ነው። ደምሴ ካባ ለበሰ። አቶ ካሳሁን በድምፅ ማጉያ ስለ አባቶች ጨዋነትና ስለ ልማት ተናገረ፤ ድምፁ ቤቴ ድረስ ይሰማ ነበር፤ የስፌት ማሽኔን ደጋግሜ ብረግጥም አልዋጠልኝም።

ለመጻፍ የከበደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ፋጡማ የኮምቦልቻ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነበር ያገባችው፤ ደግ ልጅ፣ ሲመጣ ካሴት የማይለየው። ሆቴሉ በተመረቀበት ዓመት፣ ክረምት ላይ ወሯ ገብቶ ነበር። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ሆና ወገቧን ያዘች፤ ቤት ወሰድኋት። ምጡ ሳይውል ሳያድር ደም መጣ። ባሏ ሥራ ላይ ነው። እቴ ዘሃራ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያለች ቃሬዛ አስመጣች። ዝናቡ ደግሞ እንደ ገመድ ነው። ወንዶቹ ተሸከሟት፤ እኔ እጇን ይዤ ከጎን እሮጣለሁ። ከሆቴሉ የላይኛው በር ደረስን። በዚያ ሜዳ ቀጥ ብለን ብንወርድ አስፋልቱ እዚያው ታች ነው፤ መኪኖቹ ይታያሉ።

«ክፈትልን!» አልሁት ዘበኛውን።

እኛንም ቃሬዛውንም አየ። ወጣት ነው፣ ከገጠር የመጣ። «እህቴ፣ እኔስ ብከፍትልሽ ደስ ባለኝ፤ ግን ሰርግ አለ ውስጥ፤ ሳልጠይቅ አልችልም» አለና ሮጠ። ከውስጥ ዘፈን ይሰማል፤ ድንኳን ተጥሏል፤ ጃንጥላ የያዙ እንግዶች በሜዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። አንዲት ሴትዮ ወርቅ በወርቅ ሆና በአጥሩ ብረት መካከል አየችን፤ ፊቷን መለሰች። ዘበኛው ተመለሰ፤ ዝናብ ይሁን እንባ ፊቱ ላይ አላውቅም። «ባለቤቱ በዚህ በኩል አይሆንም፣ እንግዶች ይረበሻሉ አሉ» አለ።

ዙሪያውን ሄድን። መንገዱ ጭቃ ነው፣ ገደላ ገደል ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ፤ ፋጡማ አልጮኸችም። «አስቱ፣ በረደኝ» አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም። አስፋልቱ ላይ ደርሰን መኪና አግኝተን ሆስፒታል ስንደርስ እጇ እጄ ውስጥ ነበር፤ ግን አይጨብጠኝም። ሐኪሙ ወጥቶ «ትንሽ ብትቀድሙ ኖሮ» አለ። ልጁም አልተረፈም።

ለቅሶው ላይ ደምሴ በጭነት መኪና ዱቄት ላከ። እቴ ዘሃራ ማቅ የመሰለ ፊቷን ቀና አድርጋ «መልሱለት» አለች፤ ሌላ ምንም። መኪናው ታች ከአስፋልቱ እንደተጫነ ዞረ። በማግስቱ አቶ ካሳሁን መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ቀረበለት፣ በላ። ከዚያ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «እማማ ዘሃራ፣ ይጽናኑ። የአላህ ፈቃድ ነው፤ እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?» አላት።

እሷም ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ እንዲህ አለችው፦ «አላህን እዚህ ውስጥ አታስገባብኝ። አላህ አጥር አላጠረም።»

ተነስቶ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ያንን ቃል ለዓመታት ተናግሮታል፤ ግን ቃል ምን ያደርጋል? አጥሩ አልፈረሰም። አቶ ካሳሁን ወደ ከተማው ምክር ቤት ከፍ አለ፤ ቀጥሎ ወደ ዞን። ደምሴ ኮምቦልቻ ሌላ ሆቴል፣ አዲስ አበባ ፎቅ ሠራ። መንግሥት ሲለወጥ የድሮውን ባለሥልጣን ፎቶ ከሆቴሉ ግድግዳ አውርዶ የአዲሱን ሰቀለ፤ ለሚስማሩ እንኳ አዲስ ቀዳዳ አላስፈለገውም። ዛሬ ልጆቹ ጥቁር መስታወት ባለው መኪና ፒያሳን ሲያልፉ የሚረጩት ውሃ ጉርዴ ላይ ያርፋል። ሻይ ስንት ገባ? ዱቄቱስ? ወጣቶቹ ነገሩ ሁሉ ትናንት የተበላሸ ይመስላቸዋል። የለም ልጆቼ፤ ይሄ ነገር ሲጠነሰስ ያየነው አለን። በጭብጨባ ነው የተጠነሰሰው፣ ሸብ ባለ ነጠላ፣ «አባቶቻችን እንደሚሉት» እየተባለ። እቴ ዘሃራም አለፈች፤ አጥሩን እያየች ኖራ፣ ሳታየው አለፈች፤ በመጨረሻ ዓይኗ ጠፍቶ ነበርና። ባለቤቴም ሄደ። የቀረነው ጥቂት ነን።

ባለፈው ክረምት ቅሬያችን ለጠብና ለእርቅ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች ለመምረጥ ተሰበሰበ። አቶ ካሳሁን ጡረታ ወጥቶ ሰፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ከዘራ ይዞ፣ የኑሮ ውድነት እያማረረ። አዎ፣ እሱ! የቅሬያችን ሰብሳቢ፣ ሙስጠፋ የሚባል እኛ ስንታሰር ገና ያልተወለደ ሰው ነው፤ ተነሳና «ጋሽ ካሳሁንን እጠቁማለሁ። የተማሩ ናቸው፣ የአገር ወግ ያውቃሉ» አለ። እጆች መውጣት ጀመሩ።

«እኔ እቃወማለሁ» ብዬ ተነሳሁ። ጉልበቴ አሞኛል፤ ወንበር ተደግፌ ነው የቆምሁት። የድንጋዩን፣ የመንገዱን፣ የአጥሩን ነገር ተናገርሁ። ግማሹ ሰው አዲስ ነው፤ አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ። አቶ ካሳሁን ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ።

«እህቴ አስቴር» አለ፤ ድምፁ አሁንም ያማረ ነው። «ያ ዘመን ያ ዘመን ነበር። እኔም ከላይ የታዘዝሁትን ነው። ሁላችንም ተሳስተናል። ይቅር ለእግዚአብሔር እንባባልና ይለፍ።»

«ሁላችንም? እኔ ምን ተሳሳትሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተንጫጩ። «አስቱ፣ ይቅር በይ እንጂ፤ ይቅር ማለት የሚያምርብሽ አንቺ ነሽ፤ የጌታ ልጅ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ አንዱ። ይሄም ያው ነው፤ የተበደለ ሰው ላይ ሃይማኖቱን የሚያነሱበት።

«የጌታ ልጅ መሆኔ አልጠፋኝም» አልሁ። «ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ካለ እሰማለሁ። ግን በደሉን በስሙ ይጥሩት። አቶ ካሳሁን፣ ለቅሶዋ ላይ ተቀምጠው ንፍሮ በልተዋል። ያቺ በቃሬዛ አጥር ለአጥር የዞረች ሴት ስሟ ማን ነበር?»

«ያቺ…» አለ። «የዘሃራ ልጅ።»

«እሱ የእናቷ ስም ነው።»

ወደ መሬት አየ። ከዚያ ወደ ሰዉ አየ፣ አንድ የሚነግረው ፈልጎ። ስሙን የሚያውቁ ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ግንበኛው ራሱ አርጅቶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ማንም አልነገረውም።  አቶ ካሳሁን ከዘራውን ይዞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ወጥተው የነበሩት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

ሙስጠፋ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ። «ማን ነበር ስሟ፣ እማማ?» አለኝ።

«ፋጡማ» አልሁት። ድምፄ እንደዚያ የሚጮህ አልመሰለኝም ነበር።